ሰማንያ፣ ቁርባን እና የወረዳው ወረቀት

ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. አንኮበር መድኃኔዓለም በቁርባን ሲጋቡ ለአንዳቸውም የመጀመሪያ ትዳር አልነበረም። ሁለቱም ሌላ ጎጆ አይተው ወጥተዋል።  ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውዱ ሲጫን፣ ከተራራው ላይና ታች የሰፈረው ሰው ባመዛኙ የተጋባው ግን በቁርባን ሳይሆን በሰማንያ ነበር። ቁርባን የካህን፣ የአዛውንትና የንጉሥ ነው። ሌላው ሰው ዋስ ጠርቶ፣ ሽማግሌ አስቀምጦ፣ ውሉን አስሮ ይገባል፤ ካልሆነለትም ንብረቱን ተካፍሎ ይወጣል። ከዚህ በታች ደግሞ ደሞዝ የሚባለው ነበር፤ ዘመኑና ክፍያው ተቆርጦ የሚገባበት ትዳር።

በጉዳዩ ላይ ከሚጻፈው ውስጥ ሳይነሳ የሚታለፈው ይህ ስለሆነ ከዚህ መጀመር መረጥሁ። የሐበሻ ትዳር ጥንትም አንድ ዓይነት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ሰማንያውን አልባረከችውም፤ በሰማንያ የሚኖረውንም ሰው ከቁርባን ከለከለችው እንጂ ከደጇ አላባረረችውም። ክርስትና ያስነሳል፣ ጽዋ ይጠጣል፣ ሲሞት ይፈታል። ጎረቤትና ዳኛም "ባልና ሚስት ናቸው" ይላሉ። ካህኑ ያልቀደሰው፣ አገሩ ግን የሚያውቀው ትዳር በዚህች ምድር ላይ ዘመናትን ኖሯል። ለዚህ ነው የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ሲነሳ "ቤተ ክርስቲያን ወንድን ከወንድ ልታጋባ ነው ወይ?" የሚለው የመጀመሪያው መልስ ጥያቄውን የሚስተው። ተክሊሉን የጠየቀ የለም። ጋብቻን እንደ ዜግነት መብት የሚጠይቅ ሰው የሚያንኳኳው የወረዳውን በር ነው።

የየካ ክፍለ ከተማን የአንዱን ወረዳ ክብር መዝገብ ክፍል ያየ ሰው በሩን ያውቀዋል። ሰልፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ "ነገ ተመለሱ"። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን ሦስት በር ይከፍታል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል። ሦስቱም አንድ ውጤት አላቸው። አንቀጽ 2ን ረጋ ብሎ ያነበበ አንድ ነገር ያስተውላል። ሕጉ ጋብቻ ምን እንደሆነ አይተነትንም፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሹሙ ፊት ቀርበው ፈቃዳቸውን ሲሰጡ የሚሆነውን ነው የሚናገረው። ቀጥሎ ጋብቻን የሚከለክሉ ነገሮች ይመጣሉ፤ ከ18 ዓመት በታች መሆን፣ የሥጋ ዝምድና፣ የጋብቻ ዝምድና፣ በሌላ ትዳር ላይ መሆን፣ በፍርድ መከልከል። ተመሳሳይ ጾታ ከእነዚህ መካከል የለም። ሕግ አውጪዎቹ የከለከሉት ጉዳይ አልነበረም፤ ጭራሹን አልታያቸውም። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት "ወንድና ሴት" ስለሆነ ብቻ በሩ ተዘግቷል። ይህን የምለው ሕጉ ክፍተት አለው፣ በዚያ ሾልኮ መግባት ይቻላል ለማለት አይደለም። ምንም ዳኛ እንዲህ አድርጎ አያነበውም።

የጋብቻው ወረቀት ምን ይሠራል? ብዙ ሰው "ባል ሲሞት ሚስት ትወርሳለች" ይላል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ኑዛዜ ከሌለ ውርሱ የሚሄደው ወደ ልጅ፣ ወደ ወላጅና ወደ ዘመድ ነው፤ የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም። ወረቀቱ የሚሰጠው ሌላ ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራው ሀብት ግማሹ የሱ ወይም የሷ ነው። ጡረተኛ ሲሞት ለቀሪው የትዳር ጓደኛ የጡረታው ግማሽ ይታሰባል። ሆስፒታል ሲገባ "አንተ ምኑ ነህ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ አለ። የውጭ ዜጋ ያገባ ለመኖሪያ ፈቃድ የሚያስቆጥረው ነገር አለ። ወረቀት የሌላቸውን ወንድና ሴት እንኳ ሕጉ ያስባቸዋል፤ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 98 ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን ያውቃል፣ ሦስት ዓመት ከሞላ ንብረቱም የጋራ ይሆናል። እዚያም ላይ ቃሉ "አንድ ወንድና አንዲት ሴት" ነው።

ሕጉን ትቼ ወደ ሰፈር ልውረድ፤ በኛ አገር የትዳር ትክክለኛው መዝገብ ያለው ከወረዳው ይልቅ ዕድር ዘንድ ነውና። ኮተቤ አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ተጋርተው አሥር ዓመት የኖሩ ሁለት ወንዶችን እናስብ። ለአከራይ "የአጎት ልጆች ነን" ብለዋል። ወርሃዊውን መዋጮ ሁለቱም በየስማቸው ይከፍላሉ። አንዱ ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፤ ዕድርተኛው ወንበርና ድስት ያወጣል። ከገጠር እህትና ወንድም ይመጣሉ፤ ፍራሹ ላይ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው፤ "እግዜር ያጥናችሁ" የሚባሉትም እነሱ። ያ ሁለተኛው ሰው ሻይ ያቀርባል። በዕድሩ ደብተር ላይ ለሚስት፣ ለባል፣ ለእናት፣ ለአባት፣ ለልጅ፣ ለወንድም፣ ለእህት የሚከፈለው መጠን ተጽፏል፤ ለሱ የተጻፈ መስመር የለም። በሠልስቱ ማግስት ወንድምየው ቁም ሳጥኑንና ፍሪጁን በአይሱዙ ጭኖ ሲሄድ ሕግ ጥሷል የሚለው የለም፤ አልጣሰምም። ማስረጃ የሚባለው ነገር ሁሉ በሟቹ ስም ነው። ኑዛዜ ቢኖርስ? ልጅ የሌለው ሰው ንብረቱን ለፈቀደው መናዘዝ ይችላል። ግን አራት ምስክር ሰብስቦ "ለአብሮ አደሬ" ብሎ የሚያጽፍ ሰው፣ ኑዛዜው በተነበበበት ቀን ስለ ሁለቱም የሚነገረውን አስቀድሞ ያውቃል።

ሕገ መንግሥቱ ላይ ያለው ክርክር በአጭሩ ሊነገር ይችላል፤ ሐቀኛ ሆኖ የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። ደጋፊው አንቀጽ 25ን ይዞ ይመጣል፤ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው፣ በጾታም ሆነ "በሌላ አቋም" ልዩነት አይደረግም። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል። ተቃዋሚው ደግሞ አንቀጽ 34ን ይከፍታል፤ ለጋብቻ ዕድሜ የደረሱ "ወንዶችና ሴቶች" የማግባት መብት አላቸው ይላል። ደጋፊው "ከማን ጋር አይልም" ብሎ ይመልሳል። እኔ በዚህ መልስ አልረካም። በ1987 ዓ.ም. ያንን ዓረፍተ ነገር ያጸደቀው ጉባኤ ምን አስቦ እንደጻፈው ጥርጥር የለውም፤ የዓለም አቀፍ ሕጉም ቢሆን ለዚህ ክርክር ጥሩ ወዳጅ አይደለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 23 ያው "ወንድና ሴት" ነው የሚለው፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2002 ከኒውዚላንድ የመጣውን የጆስሊንን አቤቱታ በዚሁ ቃል ምክንያት አልተቀበለውም። ያው ኮሚቴ ግን እ.ኤ.አ. በ1994 በቱነን ጉዳይ አውስትራሊያን ሲወቅስ፣ ቃል ኪዳኑ ውስጥ "ጾታ" የሚለው ቃል የፍቅር ዝንባሌንም ይጨምራል ብሎ ነበር። ሁለቱ ውሳኔዎች አንድ ላይ ሲነበቡ የሚወጣው መልእክት ግልጽ ነው፤ ማግባትን ልንሰጥህ አንገደድም፣ ልናስርህ ግን አንችልም።

እዚህ አገር ያለው ችግር ደግሞ የሚጀምረው ከእስሩ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የነበረው ክልከላ በ1996 ዓ.ም. ወደ ወጣው የወንጀል ሕግ ተሻግሯል። አንቀጽ 629 ከራስ ጾታ ጋር የሚፈጸምን ድርጊት፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ቀላል እስራት ማለት ባጠቃላይ ከአሥር ቀን እስከ ሦስት ዓመት ነው። በሌላው ላይ ባለው ሥልጣን የሚጠቀም ወይም ድርጊቱን ሙያው ያደረገ ሰው ላይ አንቀጽ 630 እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ድረስ ይሄዳል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ወረዳው ቀርበው "ጋብቻ እንፈጽማለን" ቢሉ ሹሙ ቅጹን ከመመለሱ በፊት ማመልከቻው ራሱ የእምነት ቃል ይሆናል። ከመዝገቡ ክፍል ፖሊስ ጣቢያው ቅርብ ነው።

ያለፉት ዓመታት ታሪክም ከጋብቻ ጋር የሚያገናኘው ነገር ጥቂት ነው፤ የመተንፈሻ ጉዳይ ነው። ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥት እንዲሰፍር ጠየቁ። በ2006 ዓ.ም. ድርጊቱን ይቅርታ ከማያሰጡ ወንጀሎች ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት የታሰበው ሐሳብ ቀረ፤ ለሚያዝያ 18 የተጠራው የተቃውሞ ሰልፍም ተሰረዘ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ቃል አቀባይ የነበሩት ሬድዋን ሁሴን ጉዳዩን አንዳንዶች የሚያሳዩትን ያህል ከባድ ወንጀል አድርገው አላዩትም። በ2011 ዓ.ም. አንድ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የላሊበላ ጉዞ ማስታወቂያ ሲያወጣ ሠለስቱ ምእት የተባለው ኅብረትና ሌሎችም ተነሱ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ ከሕዝብ በደረሰ ጥቆማ በሆቴሎች፣ በመጠጥ ቤቶችና በእንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታወቀ። በዚያ ክረምት በቲክቶክ የሰው ፎቶና ስም እየተለጠፈ "ይህ ሰው ነው" ይባል ነበር። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጠይቅ ከኢትዮጵያውያን 97 በመቶው ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነትን ኅብረተሰቡ ሊቀበለው አይገባም ብሎ ነበር። ይህን ቁጥር መሸፋፈን የትም አያደርስም። መብት ግን በድምፅ ብልጫ የሚታደል ቢሆን ኖሮ ሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስትን መጻፍ ባላስፈለገው። በአንቀጽ 105 እሱን ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች እንዲስማሙ የተደረገውም ለዚሁ ነው።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ደጋግሞ የሚሰማው "የፈረንጅ ነገር ነው" የሚለው ነው። መልስ ያለው ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት በታሪክ ማስረጃ ቁፋሮ አይደለም። እርግጥ አማርኛ ወንዳገረድ የሚል ቃል አለው፤ ዶናልድ ዶናም በማሌ ሕዝብ ዘንድ አሽቲሜ ስለሚባሉ፣ ወንድ ሆነው በሴት ልብስና ሥራ ስለሚኖሩ ሰዎች ጽፏል። ገድለ ወለተ ጴጥሮስ በእንግሊዝኛ ሲተረጎም አንዲት ቅድስትና የዕድሜ ልክ ባልንጀራዋ ስለነበረችው እኅተ ክርስቶስ የተሰጠው ትርጓሜ ትልቅ ጭቅጭቅ አስነስቷል፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ክፉኛ ተቃውመውታል። ከእነዚህ አንዳቸውም የጋብቻ ማስረጃ አይደሉም፤ እንደዚያ የሚያቀርባቸው ሰው የራሱን ክርክር ያዳክማል። የሚሻለው መልስ ሌላ ነው። አንቀጽ 629ን የወለደው የ1949ኙ ሕግ አርቃቂ ዣን ግራቨን ስዊስ ነበሩ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነበሩ። "ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው" የሚለውን አንቀጽ 635፣ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር የፈቀደውንም አንቀጽ የያዘው ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እነዚህን ለማስወገድ ሲታገል "ባህላችን ነው" ተባለ፤ "ፈረንጅ የላካችሁ" ተባለ። በ1992ቱ አዋጅ ሁለቱም ጠፉ። ዛሬ የ15 ዓመት ልጅ መዳርን በአደባባይ የሚከላከል የሕግ ምሁር የለም። በአንድ ትውልድ ውስጥ "ተፈጥሯዊ" የነበረው ወንጀል ሆነ።

መንግሥት የአንዱን ሃይማኖት ትዳር ብቻ እንደማያስከብርም ያው የወንጀል ሕግ ይመሰክራል። አንቀጽ 650 በላይ በላይ ማግባትን ይቀጣል፤ አንቀጽ 651 ግን ሕግ ባወቀው ሃይማኖት ወይም ባህል መሠረት የተፈጸመ ከሆነ ቅጣቱ አይሠራም ይላል። ለኦርቶዶክሱ ኃጢአት የሆነው ለሌላው ዜጋ በሕግ ታልፏል፤ ማንም ቤተ ክርስቲያን ተነካች አላለም። ልጆችስ፣ ትውልድስ የሚለው ጥያቄ ቢነሳ፣ ሕጉ ከተጋቢ የመውለድ ችሎታ ጠይቆ አያውቅም። ሰባ ዓመት የሞላቸው ባልቴትና ሽማግሌ ነገ ወረዳው ሄደው ቢጋቡ ሹሙ የሚላቸው "እንኳን ደስ ያላችሁ" ነው።

ኦርቶዶክስ አገር ይህን እንዴት አደረገው ብሎ ማየት ለሚፈልግ ግሪክ አለች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ፓርላማዋ በ176 ድምፅ ደጋፊ በ76 ተቃዋሚ ሕጉን አጸደቀ። ቤተ ክርስቲያኗ አጥብቃ ተቃወመች፤ ዛሬም አታጋባም፣ ሕጉም አያስገድዳትም። ደቡብ አፍሪካ በፍርድ ቤት ነው የሄደችው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 በፉሪ ጉዳይ ፈረደ፤ ፍርዱን የጻፉት አልቢ ሳክስ ነበሩ። ፓርላማው በአንድ ዓመት ውስጥ ሕግ አወጣ፤ አብዛኛው ሕዝብ ግን ያኔም ይቃወም ነበር። የደቡብ አፍሪካው ሕግ አንድ ትምህርት የሚሆን ስንጥቅ ነበረው፤ ኅሊናው ያልፈቀደለት የመንግሥት ሹም አላጋባም ማለት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ይህ ተሰረዘ። ካህን መከልከሉ አንድ ነገር ነው፤ ደመወዙን ከግብር የሚቀበል ሹም ሲከለክል ሌላ ነው። ናሚቢያ ደግሞ ወደ ኋላም መመለስ እንዳለ አሳየች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2023 በውጭ የተፈጸመውን ጋብቻ ለመኖሪያ ፈቃድ ሲቀበል ፓርላማው ተቆጥቶ ጋብቻን በወንድና ሴት የሚወስን ሕግ አጸደቀ።

ሩቅ መሄድ ግን አያስፈልግም። ከእንጦጦ ወደ ቀበና፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲወረድ ዓለም በሙሉ በግንብ አጥር ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለጋሲዮኖች መሬት የተሰጣቸው በዚህ ግርጌ ነው። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. ከ2003፣ ፈረንሳይ ከ2013፣ እንግሊዝ ከ2014፣ ጀርመን ከ2017 ጀምሮ ተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ያጋባሉ። በዚያው ሰፈር የሩሲያና የኬንያ ኤምባሲዎች አሉ፤ እነሱ አያጋቡም። የተሳሳተ ተስፋ ያለው ሰው እንዳይኖር ልናገር፤ ኤምባሲ ማለት የሌላ አገር መሬት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት ቆንስል ጋብቻ መመዝገብ የሚችለው የተቀባዩ አገር ሕግ ካልተቃወመ ነው ይላል። ከአጥሩ ውስጥም ሆነ ከውጭ የሚሠራው ያው 629 ነው።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው ከውጭ ካለው ሐበሻ ይመስለኛል። ኢትዮጵያዊ በብዛት የሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ታጋባለች፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም ተከትለዋል። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 5 በውጭ አገር ሕግ የተፈጸመ ጋብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ይጸናል ይላል፣ የሕዝብን ሞራል ካልተቃረነ። እዚያ ተጋብቶ የተመለሰ ሰው አንድ ቀን ለውርስ ሳይሆን ለግማሽ ንብረት፣ ቦሌ ላለ አንድ አፓርታማ ሲል ፍርድ ቤት ቢቀርብ ዳኛው "የሕዝብ ሞራል" የሚለውን ሐረግ መፍታት ይኖርበታል። ወደ ሰበር ከሄደም ጥያቄው የአፓርታማ ነው፤ የተክሊልም የአልጋም አይደለም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር ጌትነት ታደለ እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ባሳተሟቸው ጥናቶች በከተማይቱ ያሉ ወንድ አፍቃሪ ወንዶች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበትን ቃል መዝግበዋል። ሕጉ ድርጊታቸውን ግብረ ሰዶም ይለዋል፤ ስሙ ራሱ ፍርዱን ቀድሞ የሰጠ ነው። መንገዱ ቡሽቲ ይላቸዋል። እነሱ ለራሳቸው የመረጡት ግን "ዜጋ" ነው። ሚስጥር ለመያዝ የተመረጠ ቃል ነው፤ ታክሲ ውስጥ ጮክ ተብሎ ቢነገር ማንም ጆሮውን አያቀናም። "እሱም ዜጋ ነው" ይባላል፣ ሰውም ያልፋል። የዜግነት መብት የሚለውን ሐረግ በየጽሑፉ ስጠቀምበት ይህ ቃል ይመጣብኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ብጠየቅ ከጋብቻ አልጀምርም። መጀመሪያ አንቀጽ 629 በሁለት ጎልማሶች የግል ፈቃድ ላይ መሥራቱ ይቁም። ቀጥሎ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 98ና 102 "አብሮ መኖር" ለሁለት ሰው ይሁን፤ ይህ ተክሊልም ሠርግም አይነካም፣ ፍሪጁን ጭኖ የሚሄደውን ወንድም ብቻ ያስቆማል። ጋብቻው ከዚያ በኋላ ይምጣ። በዚህ የሚቆጡ ወዳጆች አሉኝ፤ "ግማሽ መብት ነው" ይላሉ። አዎ፣ ግማሽ ነው። ሰማንያም ለቁርባኑ ግማሽ ነበር፤ ሰው ግን ኖሮበታል።

የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 25 በሹም ፊት የሚፈጸም ጋብቻ ለእያንዳንዱ ተጋቢ ሁለት ሁለት ምስክር ይፈልጋል። ይህን ለአንድ ሰው ሳነብለት "ሕጉ ነገ ቢፈቀድ" ብሎ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ታናሽ እህቱን ቆጠረ። የድሮ የክፍል ጓደኛውን ትንሽ አመንትቶ ቆጠረ። ከዚያ ለሌላኛው ወገን ለሚያስፈልጉት ሁለቱ ሦስተኛ ጣቱን ይዞ ቆየ፤ ምንም ሳይል ሻዩን አነሳ።